የሎሚ ልጣጭና መዝገብ የሌለው ታሪክ

የታሪክ ጸሐፊ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው መዝገብ ነው። ንጉሥ ያወጀው ዐዋጅ፥ ነጋዴ የተቀበለው ደረሰኝ፥ ዳኛ የፈረደው ፍርድ ከተገኘ፥ ነገሩ መቼ እንደ ተጀመረና ማን እንደ ጀመረው ለመናገር አያዳግትም። ነገር ግን በቤት ውስጥ በእናቶች እጅ የሚሠራ ነገር ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ መዝገብ የለውም። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው በደቡብ ኢጣልያ በየቤቱ ከሎሚ ልጣጭ የሚሠራው፥ ሊሞንቼሎ የሚባለው ጣፋጭ መጠጥ ታሪክ ነው። ጉዳዩ የማዕድ ቤት ጉዳይ ስለ ሆነ ቀላል ይመስላል፤ ቢሆንም ያልተጻፈ ነገር ባለቤቱ ማን ነው የሚል ከባድ ጥያቄ ያስከትላል።

በቅድሚያ አንድ ነገር እናስታውቅ። በዚህ ጽሑፍ ሎሚ ስንል በገበያችን የለመድነውን ትንሹንና ክቡን ፍሬ ማለታችን አይደለም። ቢጫውን፥ ሞላላውንና ልጣጩ ወፍራም የሆነውን የሜዲትራንያን ሎሚ ማለታችን ነው።

ይህ ፍሬ የኢጣልያ ተወላጅ አይደለም። በዘመናችን የዘሩን ጠባይ የመረመሩ ሊቃውንት እንደ ደረሱበት፥ የሎሚና የብርቱካን ወገኖች የመጀመሪያ አገር በሂማላያ ተራሮች ግርጌ፥ ከሰሜን ምሥራቅ ህንድ አንሥቶ በበርማ በኩል እስከ ደቡብ ምዕራብ ቻይና ያለው ምድር ነው። ሎሚ ራሱ ከኮምጣጣ ብርቱካንና ከትርንጎ የተዳቀለ ነው። ወደ ሜዲትራንያን አስቀድሞ የደረሰው ትርንጎ ሲሆን፥ የግሪኩ ሊቅ ቴዎፍራስጦስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ የሜዶንና የፋርስ ፖም ብሎ ጽፎለታል። ሎሚና ኮምጣጣ ብርቱካን በሰፊው የተተከሉት ግን ዐረቦች በ827 ዓመተ ምሕረት በፈረንጆች አቈጣጠር (ከዚህ በታች የምንጽፋቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው) ሲሲልያን መያዝ ከጀመሩ በኋላ ነው። እነርሱ ከዛፉ ጋር የመስኖውን ጥበብ ይዘው መጡ። በ12ኛው መቶ ዓመት የሡልጣን ሳላሕ አድዲን ሐኪም የነበረው ኢብን ጁመይዕ ስለ ሎሚ ጥቅም ራሱን የቻለ ድርሰት ደርሷል።

ሎሚና ትርንጎ የምንላቸው ቃላት ከዐረብኛውና ከፋርስኛው ስም ጋር ዘመዳሞች እንደ ሆኑ ለተማሪዎቻችን ማስታወስ ይገባል። ብርቱካን የሚለው ደግሞ ይብስ ያስደንቃል። የፖርቱጋል ነጋዴዎች ጣፋጩን ብርቱካን በባሕር እያመጡ ስላስፋፉት፥ ዐረቦች ፍሬውን በአገሪቱ ስም ቡርቱቃል አሉት፤ ቃሉም ወደ እኛ ሲደርስ ብርቱካን ሆነ። የናፖሊም ሰዎች በአገራቸው አነጋገር ፑርቷሎ ይሉታል። ስለዚህ የመርካቶ ሸማችና የናፖሊ ሸማች ሳይተዋወቁ አንዱን ፍሬ በአንድ አገር ስም ይጠሩታል።

ከሎሚው ሌላ ለመጠጡ የሚያስፈልገው ብርቱ አልኮል ነው። የዚህም መንገድ በዐረቦች በኩል ያልፋል። አረቄ የምንለው ቃል ሥሩ በዐረብኛ ላብ ማለት ነው፤ እንፋሎቱ በቀዝቃዛው ቱቦ ውስጥ ጠብታ እየሆነ ሲወርድ ያየ ሰው፥ ስሙን ያወጣው ሰው ትክክል እንደ ነበረ ይመሰክራል። ከወይን ጠጅ የሚነድ ውሃ ማውጣትን በአውሮፓ አስቀድመው ከጻፉት መካከል በ12ኛው መቶ ዓመት በሳሌርኖ የሕክምና ትምህርት ቤት ያስተምር የነበረው ማጊስቴር ሳሌርኑስ ይገኛል። የቦሎኛው ሐኪም ታዴዎ አልዴሮቲም በ13ኛው መቶ ዓመት ደጋግሞ በማውጣት ብርታቱን መጨመር እንደሚቻል ገለጠ።

የሳሌርኖ ከተማ የምትገኘው የአማልፊ ዳርቻ ከሚጀምርበት ቦታ አጠገብ ነው። የአማልፊ ነጋዴዎችም ከዐረብ አገሮች ጋር ይገበያዩ ነበር። እንግዲህ ሎሚውና አልኮሉ በአንድ ባሕር ዳር ጎረቤት ሆነው መኖራቸውን እናያለን። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በአንድ ዕቃ ውስጥ ተገናኙ ብለን ለመጻፍ ግን አንደፍርም። አልኮል ያን ጊዜ በሐኪም እጅ የሚገኝ መድኃኒት ነበረ፤ ስኳርም ውድ ስለ ነበረ በቅመም ሚዛን ይሸጥ ነበር። መነኮሳት ፈለሰፉት፥ ዓሣ አጥማጆች ብርድ ለመከላከል ማለዳ ይጠጡት ነበር እየተባለ የሚነገረውን ወሬ ሰምተናል። ወሬው ያማረ ነው፤ የሚደግፈው ጽሑፍ ግን አላገኘንም።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። የሶሬንቶ ወይም የአማልፊ እመቤት አልኮሉን በቤትዋ አታወጣም፤ የመንግሥት ቀረጥ የተከፈለበትን፥ ከመቶው 95 እጅ ንጹሕ የሆነውን አልኮል ከምግብ መደብር ትገዛለች። መርዝ ያልተረጨባቸውን ስምንት ወይም ዐሥር ሎሚዎች አጥባ ካደረቀች በኋላ፥ ልጣጩን በስለታም ቢላዋ እንደ ወረቀት አሳስታ ትልጣለች። ጥበቡ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ቢጫው ልጣጭ በዓይን ሊታዩ በሚችሉ ጥቃቅን ከረጢቶች ውስጥ ሽታ ያለው ዘይት ይዟል፤ ከሥሩ ያለው ነጩ ግን መራራ ነው። ቢላዋው ትንሽ ቢጠልቅ የአንድ ወር ድካም ይበላሻል።

ልጣጩ በአንድ ሊትር አልኮል ውስጥ ተዘፍዝፎ፥ አፉ ተከድኖ በጨለማ ቦታ ይቀመጣል። ስንት ቀን? በዚህ ነገር ሁለት ጎረቤቶች ሲስማሙ አይገኙም፤ አንዲቱ ሳምንት ይበቃል ስትል ሌላይቱ ከወር በፊት ክዳኑን የነካ ሰው ወዮለት ትላለች። አልኮሉ ዘይቱን ስቦ ወርቅ ሲመስል፥ ልጣጩም ነጥቶ እንደ ደረቀ ቅጠል ሲሰበር ደርሷል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 700 ግራም ያህል ስኳር ይሟሟና ፈጽሞ ይቀዘቅዛል፤ አልኮሉም ተጣርቶ ይጨመርበታል። በዚህ ጊዜ ብርሃን ያሳልፍ የነበረው መጠጥ በአንድ አፍታ ደመና ይመስላል። ምክንያቱም ዘይቱ በብርቱ አልኮል ይሟሟል እንጂ በውሃ አይሟሟም፤ ውሃው ሲበዛበት ለዓይን የማይታዩ ጠብታዎች ሆኖ ይበተናል። በ2018 በፈረንሳይ አገር በግረኖብል ከተማ ተመራማሪዎች በኒውትሮን ጨረር መርምረው የጠብታዎቹን መጠን ለኩ። እመቤቶቹ ግን መልኩ ሲለወጥ ያለ ጨረር እያዩ፥ ነገሩ እንደ ተሳካ ሲያውቁ ኖረዋል። እንዲህ የተሠራው መጠጥ ብርታቱ ከመቶው ከ30 እስከ 40 ስለሚደርስ፥ በትንሽ ብርጭቆ ከምግብ በኋላ እጅግ ቀዝቅዞ ይቀርባል።

የዚህ ጥበብ የጽሑፍ ምስክር ጥቂት ነው። ፔሌግሪኖ አርቱዚ በ1891 ባሳተመው ዝነኛ የምግብ አሠራር መጽሐፉ፥ ሮዞሊዮ ከሚባሉት ጣፋጭ መጠጦች መካከል በብርቱካን የሚሠራውን አስገብቷል። አርቱዚ ግን የሰሜን ሰው ነበረ፤ የደቡብ እናቶች የሚያውቁትን ለልጆቻቸው በቃል ነገሩ እንጂ ለአታሚ አልሰጡም።

በ1988 አንድ የካፕሪ ደሴት ነጋዴ ሊሞንቼሎ የሚለውን ስም የንግድ ምልክት አድርጎ አስመዘገበ። ከዚያ ወዲህ ብዙዎቹ ጽሑፎች የመጠጡን ታሪክ ከዚህ ዓመት ይጀምራሉ፤ ካፕሪ፥ ሶሬንቶና አማልፊም መጀመሪያ የእኛ ነው እያሉ ሲከራከሩ ኖረዋል። ነጋዴውን አንነቅፍም፤ የሚሸጠውን ያስመዘገበ ሰው በሕግ የተፈቀደውን አደረገ። የምንነቅፈው፥ የምዝገባውን ቀን የልደት ቀን የሚያደርገውን ታሪክ ጸሐፊ ነው። ከመንግሥት ሥራ ውስጥ ያለን ሰዎች መዝገብ ምን እንደሚያሳይ ብቻ ሳይሆን ምን እንደሚሰውርም እናውቃለንና። በእኛም አገር ጌሾና ብቅል ደባልቃ የጠነሰሰች፥ ከእሳት ላይ ካለው ገንቦ በሸምበቆ አረቄ ያወጣች፥ አንዴ የወጣውንም መልሳ ዳግም ያሰኘችው ሴት መጠኑን የያዘችው በእጅዋና በምላስዋ ነው። የመጀመሪያዪቱ ማን ነበረች ብሎ መዝገብ ቤት የሚሄድ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል።

የአውሮፓ ማኅበር የሶሬንቶን ሎሚ በ2000፥ የአማልፊ ዳርቻን ሎሚ በ2001 በቦታው ስም እንዲጠበቁ አድርጓል። ይህ የሚጠብቀው ፍሬውንና የበቀለበትን ምድር ነው። ምድሩም ተራ ምድር አይደለም፤ ገደሉ በድንጋይ እርከን ተደርጎ፥ ዛፎቹ ከደረት ነት እንጨት በተሠራ ዳስ ሥር ይቆማሉ። መኪና ስለማይገባበት፥ በድሮ ዘመን ፍሬውን በትልልቅ ቅርጫት ተሸክመው በደረጃው እየወረዱ መርከብ ወደሚጫንበት ባሕር ዳር የሚያደርሱት ሴቶች ነበሩ። የአንዱ ቅርጫት ክብደት ከ50 ኪሎ አያንስም ነበር። ከታች ሆኖ ሲያያቸው በተራራው ላይ ተሰልፈው የሚሄዱ ጉንዳኖች ይመስሉ ስለ ነበረ፥ ሰው ሁሉ ፎርሚኬሌ ይላቸው ነበር፤ ትናንሽ ጉንዳኖች ማለት ነው።