የሸማቾች መብት፣ የንግድ ሕግና የንግድ ሥነ ምግባር ትምህርት፦ ከስድስት ኪሎ እስከ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ

የሸማቾች መብት፣ የንግድ ሕግና የንግድ ሥነ ምግባር በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች በሁለት ወገን ይሰጣሉ። በአንድ ወገን የሕግ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ተማሪው አምስት ዓመት ተምሮ በሕግ የመጀመሪያ ዲግሪውን ይይዛል። በሌላው ወገን የአካውንቲንግ፣ የማኔጅመንትና የማርኬቲንግ ተማሪዎች የንግድ ሕግን እንደ አንድ ኮርስ ይወስዳሉ። የሕጉ ተማሪ ገበያውን ሳያውቅ ሕጉን፣ የቢዝነሱ ተማሪ ደግሞ ሕጉን በጨረፍታ አይቶ ገበያውን ይዞ ይወጣል። በሁለቱ መካከል የሚወድቀው ሸማቹ ነው። በየኮርሱ ጫፍ ላይ ይነሣል እንጂ መሐል ላይ የተቀመጠበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ጉዳዩን ከአዲስ አበባ ዙሪያ ካሉ ከተሞች ማየቱ ይጠቅማል። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ደግሞ ከእንጦጦ ጀርባ በጎጃም መንገድ ላይ ይገኛሉ። ሦስቱም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። ዋና ከተማዋ የምትጠጣው ወተት፣ የታሸገ ውኃና ቢራ ብዙው ከነዚህ አካባቢዎች ይመጣል። ነዋሪው ጠዋት ወደ አዲስ አበባ ለሥራ ገብቶ፣ እዚያው ገዝቶ፣ ማታ ይመለሳል። አምራቹ፣ አከፋፋዩ፣ ሸማቹና ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በአንድ ሰዓት መንገድ ውስጥ የሚገኙበት ሌላ ቦታ በአገሪቱ ማግኘት ይከብዳል።

የሕጉ አመጣጥ

ስለ መሸጥና መግዛት የሚደነግግ ሕግ በኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። ፍትሐ ነገሥት ሽያጭን የሚመለከት ክፍል ነበረው፤ በጉባኤ ቤትም ከነአንድምታው ይተረጐም ነበር። ዘመናዊው የንግድ ሕግ የወጣው ግን በ1952 ዓ.ም. ነው። ረቂቁን የጀመሩት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ዣን ኤስካራ ሲሆኑ፣ እሳቸው እ.ኤ.አ. በ1955 ሲያርፉ አልፍሬድ ዦፍሬ ሥራውን ፈጸሙት። የረቂቁን ታሪክ የሚያሳዩትን ሰነዶች ፒተር ዊንሺፕ አሰባስበው እ.ኤ.አ. በ1974 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ አሳትመዋል።

ይህ ሕግ በዋናነት የነጋዴ ሕግ ነበር። ነጋዴ ማን እንደሆነ፣ ማኅበር እንዴት እንደሚቋቋም፣ ቼክና የሐዋላ ወረቀት እንዴት እንደሚተላለፉ፣ ነጋዴ ሲከስር ምን እንደሚደረግ ይዘረዝራል። የገዢው ነገር የተቀመጠው በዚያው ዓመት በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ነው። እዚያም ተማሪዎች ብዙ ጊዜ ሳያስተውሉት የሚያልፉት አንድ ድንጋጌ አለ፤ አንቀጽ 2085። ለትርፍ ሲል ዕቃ ሠርቶ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፣ ዕቃው በተለመደው አገባብ ሲሠራበት ለሚያደርሰው ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ኃላፊ ነው ይላል። ጉድለቱ በተለመደ ምርመራ ሊታወቅ ይችል ከነበረ ግን ኃላፊነቱ ይቀራል። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተመሳሳይ መርሕ ያጸናው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው፤ የአውሮፓ ማኅበረሰብ መመሪያ የወጣው ደግሞ በ1985። የኢትዮጵያ ሕግ ከሁለቱም ቀድሟል። ይህን ያህል የቀደመ ድንጋጌ በክፍል ውስጥ ከሌሎች አንቀጾች ጋር ተደርድሮ መታለፉ ያስቆጫል።

ሸማቹን በስሙ የጠሩት አዋጆች የመጡት ዘግይተው ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የንግድ አሠራር አዋጅ ቁጥር 329 በዋናነት ስለ ውድድር ነበር። ቁጥር 685/2002 ሸማቹን ከርእሱ ጀምሮ አስገባ፤ እሱን የተካው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነው። በአዋጁ መሠረት ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ አማርጦ የመግዛት፣ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ፣ ጉዳት ሲደርስበትም ካሣ የመጠየቅ መብት አለው። ዕቃ በማየቱ ወይም ዋጋ በመከራከሩ ብቻ እንዲገዛ መገደድ የለበትም። ይህ የመጨረሻው ከሕግ አውጪው ጠረጴዛ ሳይሆን ከገበያው የመጣ ድንጋጌ ይመስላል፤ ዕቃውን ሁሉ አስወርዶ «ልመለስ» ብሎ የሄደ ደንበኛ ከኋላው ሲሰደብ ያልሰማ የለምና። ነጋዴው ዋጋ መለጠፍና ደረሰኝ መስጠት አለበት። ጉድለት የተገኘበትን ዕቃ ገዢው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል።

አዋጁ ያቋቋመው ባለሥልጣን ራሱን የቻለ ተቋም ሆኖ አልቀጠለም፤ በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 በተደረገው የአስፈጻሚ አካላት አደረጃጀት ሥራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተዛወረ። ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ የንግድ ሕጉ ራሱ ተለውጧል። አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ስለ ነጋዴዎች፣ ስለ ንግድ ማኅበራትና ስለ ኪሳራ የነበሩትን መጻሕፍት ተክቷል፤ ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበርንም አስተዋውቋል። መድን፣ ባንክና የሚተላለፉ ሰነዶች ግን አሁንም በ1952ቱ ሕግ ይዳኛሉ። ስለዚህ የዛሬ ተማሪ ስልሳ ዓመት የሚራራቁ ሁለት ሕጎችን ጎን ለጎን ይዞ ያጠናል።

የትምህርቱ መንገድ

የአዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት በ1935 ዓ.ም. ተከፍቷል፤ ኋላም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኗል። የሕግ ፋኩልቲው በ1956 ዓ.ም. በስድስት ኪሎ ሲጀምር የመጀመሪያው ዲን አሜሪካዊው ጄምስ ፖል ነበሩ፤ የኢትዮጵያ ሕግ መጽሔትም እ.ኤ.አ. በ1964 መታተም ጀመረ። ሁለቱ ትምህርት ቤቶች በአንድ ከተማ ውስጥ ሆነው አንዱ ሒሳብ ያዥ፣ ሌላው ዳኛና ጠበቃ ሲያወጡ ኖሩ። የንግድ ሥነ ምግባር የሚባለው ትምህርት በአብዛኛው በመጀመሪያው ወገን ቀርቷል።

በ2002 ዓ.ም. ማብቂያ ትምህርት ሚኒስቴር የግል ተቋማት ሕግና መምህርነትን እንዳያስተምሩ ከለከለ። ሚዛን የሕግ መጽሔትን የሚያሳትመው የቅድስት ማርያም ዩኒቨርሲቲ በዚህ ከተነኩት አንዱ ነው፤ መጽሔቱ ግን ቀጥሏል። ውሳኔው በዙሪያ ከተሞች ያሳደረው ተጽዕኖ ብዙ አልተነገረለትም። እዚያ በቅርብ ያሉት የግል ኮሌጆች ናቸው፤ የማታና የቅዳሜና እሑድ ተማሪዎቻቸውም ብዙዎቹ ሱቅ ያላቸው፣ በፋብሪካ ሒሳብ የሚሠሩ ወይም በንግድ ጽሕፈት ቤት የተቀጠሩ ሰዎች ናቸው። ሕጉ ይበልጥ የሚያስፈልጋቸው እነሱ ሆነው ሳለ የሚያገኙት አንድ የቢዝነስ ሕግ ኮርስ ነው፤ እሱም ውልን፣ ውክልናን፣ ማኅበራትንና ቼክን አዳርሶ ሸማቹ ጋ ሲደርስ ሴሚስተሩ ያልቃል።

የመውጫ ፈተናውም የራሱ ጫና አለው። ለሕግ ተማሪዎች ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ለሌሎች የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ይሰጣል። ፈተና ላይ የማይመጣውን ተማሪው አያነብም፤ መምህሩም አይገፋበትም።

ከማኅበራቱ ምዕራፍ ይልቅ አንድ ትርጓሜ ብቻ ወስዶ መወያየት የበለጠ ያስተምራል። በአዋጅ ቁጥር 813 ሸማች ማለት ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛ የተፈጥሮ ሰው ነው፤ መልሶ ለመሸጥ ወይም ለማምረት የሚገዛ አይደለም። እንግዲህ ቡራዩ ላይ ምግብ ቤት ያላት ሴት የገዛችው ማቀዝቀዣ በሳምንቱ ቢበላሽ ሸማች አይደለችም፤ የሽያጭ ሕግን ይዛ ትከራከራለች። ጎረቤቷ ያንኑ ማቀዝቀዣ ለቤቱ ቢገዛ ግን የ15 ቀኑ መብት አለው።

ወተቱና አንቀጽ 2085

ሰበታንና ሱሉልታን ባካተተው በአዲስ አበባ አካባቢ የወተት አቅርቦት ላይ የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም (ኢልሪ) ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሟል። ከተመረመሩት 110 የወተት ናሙናዎች የአውሮፓን ወሰን፣ ማለትም በሊትር 0.05 ማይክሮግራም አፍላቶክሲን ኤም1 የተባለውን የሻጋታ መርዝ ያላለፉት ዘጠኝ ብቻ ነበሩ። ከሩብ የሚበልጡት ደግሞ ላላ ያለውን የ0.5 ወሰን አልፈዋል። ምንጩ የከብት መኖው፣ በተለይም የኑግ ፋጉሎ ነበር። እርጥበት የነካው ፋጉሎ ይሻግታል፤ ሻጋታው የሚያመነጨውን መርዝ ላሟ ትበላለች፤ በጉበቷ ተለውጦ ወደ ወተቱ ይገባል። ወተቱን ማፍላት አያጠፋውም።

ይህን ጉዳይ ክፍል ውስጥ ያስገባ መምህር ሙሉ ሴሚስተር የሚበቃ ጥያቄ አግኝቷል። ጠዋት በወተት መሰብሰቢያው የሚሆነውን እንይ። ገበሬው ወተቱን በጀሪካን ያመጣል፤ ተረካቢው በጥብጦ ላክቶሜትሩን ይነክራል። መሣሪያው ጠልቆ ከወረደ ውኃ ተጨምሮበታል ይባልና ወተቱ ይመለሳል፤ ከቆመ ይለካና ከሌሎቹ ጋር በትልቁ ዕቃ ይገለበጣል። አፍላቶክሲንን ላክቶሜትር አያየውም፤ ምላስም አይለየውም። ስለዚህ በአንቀጽ 2085 ላይ ያለው ማምለጫ፣ ጉድለቱ በተለመደ ምርመራ ይታወቅ ነበር የሚለው፣ እዚህ አይሠራም።

ይሁን እንጂ ቀጣዩ ጥያቄ ይከብዳል። አምራቹ ማን ነው? ላሟን ያለባት ገበሬ? ፋጉሎውን የሸጠው ዘይት ጨማቂ? ወይስ ወተቱን አፍልቶ፣ አሽጎ፣ ስሙን ለጥፎ የሸጠው ፋብሪካ? የብዙ ገበሬ ወተት በአንድ ዕቃ ከተቀላቀለ በኋላ የአንዱን ከሌላው መለየት አይቻልም። አፍላቶክሲን የሚያስከትለው የጉበት በሽታ ደግሞ ዓመታት ወስዶ የሚመጣ ነው፤ ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት የሚቀርብ ክስ ግን ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይቀራል። ከጎረቤት ላም በየጠዋቱ የሚቀዳ ወተት ደረሰኝ የለውም፤ የአዋጅ ቁጥር 813 መብቶች በወረቀት የሚደገፉ ሲሆኑ ዋናው ምግብ ያለ ወረቀት ይሸጣል።

የሥነ ምግባሩ ጥያቄ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ ሕጉ ሳይደርስ በሚቀርበት። በርበሬ ላይ የሸክላ ዱቄት፣ ቅቤ ላይ ሙዝ የሚቀላቅል ሰው እያወቀ ያጭበረብራል፤ ለእሱ የወንጀል ሕግ አለ። ፋጉሎው መሻገቱን ያላወቀው ገበሬ ግን አጭበርባሪ አይደለም። ርካሹን መኖ የገዛው ወተቱ በርካሽ ስለሚገዛበት ነው። ለደረቅ መጋዘንና ለመኖ ምርመራ መክፈል የሚችለው የተሻለ ትርፍ የሚያገኘው ወገን ነው፤ ኃላፊነቱም ወደ እሱ ቢያዘነብል ፍትሐዊ ይመስላል። በንግድ ሥነ ምግባር ኮርስ ውስጥ የውጭ ኩባንያዎች ታሪክ ተደጋግሞ ይነበባል፤ የሱሉልታ ወተት ግን ከየትኛውም የበለጠ ለተማሪው ይቀርባል።

ፋብሪካዎቹ

በሰበታ የሚገኘው ሜታ አቦ ቢራ እ.ኤ.አ. በ1963 ተመሠረተ፤ በ2004 ዓ.ም. መንግሥት በ225 ሚሊዮን ዶላር ለመጠጥ አምራቹ ለዲያጆ ሸጠው፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ቢጂአይ ኢትዮጵያ ተዛወረ። አንድ ቢራ አምራች ሌላውን ሲገዛ ጉዳዩ የውህደት ሕግ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 813 ውህደት ከመፈጸሙ በፊት ማሳወቅን ግዴታ ያደርጋል፤ የጠጪው ምርጫ ጠበበ ወይስ አልጠበበም የሚለውም መመርመር አለበት። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ማገዱ ለማስታወቂያ ሕግ ክፍል ሌላ ጥሩ ጉዳይ ነው። በሱሉልታ ያለው የአቢሲኒያ ስፕሪንግስ የውኃ ፋብሪካ አብላጫ ድርሻም እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ኔስሌ ዞሯል።

ሥነ ምግባር ከሸማቹ ባሻገር ፋብሪካው ያረፈበትን መሬትም ይመለከታል። በመስከረም 2009 ዓ.ም. በተቀሰቀሰው ተቃውሞ በሰበታ የሚገኘው የሳይጂን ዲማ ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ተቃጥሏል። የባለሀብቱ ኪሣራና የሠራተኛው እንጀራ አንድ ጥያቄ ነው፤ ከመሬቱ የተነሣው ገበሬ ያገኘው ካሣ ሌላ ጥያቄ ነው። ሁለቱን ለየብቻ ማስተማር ተማሪውን አይጠቅመውም።

አቤቱታው የት ይቅረብ?

ሰበታ የሚኖር ሰው ሞባይል ከመርካቶ ገዝቶ ቢበላሽበት ጉዳዩ ወደ አዲስ አበባው መሥሪያ ቤት ይሄዳል። ያንኑ ሞባይል ከሰበታ ገበያ ቢገዛ ደግሞ ወደ ኦሮሚያው የንግድ ጽሕፈት ቤት። አየር ጤናን አልፎ ሰበታ እስኪደርስ ባለው መንገድ ሱቆቹ ሳይቋረጡ ይቀጥላሉ፤ የአስተዳደር ወሰኑ የትኛው ሱቅ ላይ እንደሚያልፍ ገዢው አያውቅም። ደረሰኙ ላይ ያለው አድራሻ ዋጋ የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው። የንግድ ፈቃዱ የት እንደወጣም ተማሪው ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ማንበብ መልመድ ያለበት ነገር ነው።

ቋንቋውም እንዲሁ ይከፋፈላል። ተማሪው ኮርሱን በእንግሊዝኛ ይማራል፤ የፌዴራሉን አዋጅ በነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛ ያነባል፤ ሰበታ ወይም ቡራዩ ፍርድ ቤት ሲቆም ግን ክርክሩ በአፋን ኦሮሞ ነው። የይርጋን፣ የካሣንና የጉድለትን ሙያዊ አነጋገር በሦስቱም ያልለመደ ተመራቂ ለደንበኛው ማመልከቻ መጻፍ ይቸገራል። በአንዳንድ የሕግ ትምህርት ቤቶች ያሉት የነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት ይህን ክፍተት የሚሞሉበት ጥሩ ቦታ ናቸው፤ እዚያ ተማሪው በመምህር ክትትል እውነተኛ ባለጉዳይ ያናግራል። ማዕከላቱ ብዙውን ጊዜ የሚያዩት የቀለብ፣ የውርስና የሥራ ክርክር ነው። የተበላሸ ዕቃ ይዞ የሚመጣ ሰው ጥቂት ነው፤ ገንዘቡ ትንሽ ነው ብሎ ይተወዋል፤ 15ቱ ቀንም ያልፋል።