ዲጂታል የመንግሥት አገልግሎት በሐረሪ ክልል፦ ከኮምፒውተሩ በፊት መዝገቡ

ዲጂታል የመንግሥት አገልግሎት ነዋሪው የልደት ምስክር ወረቀትን፣ የንግድ ፈቃድን፣ የቤትና የመሬት ማስረጃን ወይም የግብር ክፍያን የመሰሉ ጉዳዮች በስልክ ወይም በኮምፒውተር መረብ አማካይነት የሚፈጽምበት አሠራር ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራው የተመራው የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2012 ዓ.ም. ባጸደቀው «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» ስትራቴጂ ነው።

የትንሽ ክልል ዕቅድ

ሐረሪ በቆዳ ስፋት ከኢትዮጵያ ክልሎች ሁሉ ትንሹ ሲሆን፣ በኦሮሚያ ክልል የተከበበ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የነዋሪው ቁጥር 183,415 ነበር። እንዲህ ያለ ክልል እንደ ትልቆቹ ሁሉ የመሬት፣ የገቢ፣ የንግድና የፍትሕ አገልግሎት መስጠት ይጠበቅበታል፤ የባለሙያውና የበጀቱ መጠን ግን ውስን ነው። ስለዚህ ለየመሥሪያ ቤቱ የተለያየ ሥርዓት ከመግዛት ይልቅ የጋራ መሠረተ ልማትን መጠቀም ያዋጣል። ከምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ማዶ የምትገኘው የደሴቶች አገር ኬፕ ቨርዴም የተለያዩ መሥሪያ ቤቶችን አገልግሎት «የዜጎች ቤት» በተባሉ ማዕከላት አሰባስባለች።

የጋራ መሠረቶቹ

የመጀመሪያው የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገ ሲሆን፣ ምዝገባው በነጻ ይከናወናል። ተመዝጋቢው የአሥር ጣቶች አሻራ፣ የዓይን አይሪስና የፊት ምስል ሰጥቶ ባለ 12 አሃዝ ልዩ ቁጥር ያገኛል። ፋይዳ ማንነትን ያረጋግጣል እንጂ ዜግነትን አያረጋግጥም።

ሁለተኛው ክፍያ ነው። በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር ስማርት ስልክ ለሌለው ሰውም *127# በመደወል ያገለግላል።

ሦስተኛው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ነው። በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተመረቀው «መሶብ» የበርካታ የፌዴራል ተቋማትን አገልግሎት በአንድ ጣሪያ ሥር አሰባስቧል።

መዝገብ ሲጠራ

በሐረር የጽሑፍ መዝገብ አዲስ ነገር አይደለም። በአሚሮቹ ዘመን የመሬት ሽያጭና የዳኝነት ጉዳይ በዓረብኛ ይጻፍ ነበር። ዛሬ በጁገል ቅጥር ውስጥ ያሉት ቤቶች እጅግ የተጠጋጉ ናቸው፤ ከአባት ወደ ልጅ በውርስ ሲተላለፉ የኖሩና በአንድ ግቢ ብዙ ቤተሰብ የሚጋራቸውም አሉ። ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በመመዝገቡም ቤት ማደስ የቅርስ ጥበቃ ጉዳይ ሆኗል።

በወረቀት ላይ ያለው ስም፣ የቤት ቁጥር ወይም ወሰን የተሳሳተ ከሆነ፣ ኮምፒውተር ውስጥ ማስገባቱ ስህተቱን አያርመውም፤ ይልቁንም ሕጋዊ መልክ ይሰጠዋል። በመሆኑም ፋይል ከመገልበጥ በፊት ወራሾችና ጎረቤቶች ባሉበት ማጣራት፣ ቅሬታ የሚቀርብበትን ጊዜ ማሳወቅና ዋናውን ሰነድ ጠብቆ ማቆየት ያስፈልጋል።

የገጠሩ ነዋሪ ጉዳይ

በሶፊ፣ በኤረርና በድሬ ጥያራ ወረዳዎች የሚኖር አርሶ አደር ለአንድ ማኅተም ከተማ ሲመላለስ የሥራ ቀኑንና የትራንስፖርት ገንዘቡን ያጣል። ማመልከቻው በስልክ ቀርቦ ውጤቱን ለመውሰድ እንደገና «ነገ ተመለስ» ከተባለ ድካሙ አልቀነሰም። የአገልግሎቱ መለኪያ የቀረው ምልልስ ብዛት ነው።

ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ፣ አሻራቸው በእርሻ ሥራ ለደበዘዘና ስልክ ለሌላቸው ሰዎች በቀበሌ ደረጃ የሚያግዝ ሠራተኛ ሊኖር ይገባል። የክልሉ የሥራ ቋንቋዎች ሐረሪና አፋን ኦሮሞ በመሆናቸው ቅጾቹ በሁለቱም መዘጋጀት አለባቸው፤ በከተማው አማርኛ በስፋት ስለሚነገርም ይህን ማከል ይጠቅማል። መብራት ወይም ኔትወርክ ሲቋረጥ ሥራው በወረቀት የሚቀጥልበት ሥርዓትም የዕቅዱ አካል ነው።

የነዋሪው መብት

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ነዋሪው ስለራሱ የተያዘውን መረጃ እንዲያውቅና የተሳሳተውን እንዲያስተካክል መብት ይሰጠዋል። የምስጢር ቁጥርን ለማንም፣ ለሚያግዝ ሰውም ቢሆን፣ አለመስጠት ተገቢ ነው። በመታወቂያ፣ በልደት ምስክር ወረቀትና በቤት ማስረጃ ላይ ያለው ስም የተለያየ ከሆነም ጉዳዩ ሳይገጥም አስቀድሞ ማስተካከል ከኋላ እንግልት ያድናል።