ያልተነሡት ሰዎች፦ ከቤተ መንግሥት እስከ አብርሃ ጅራ ገበያ

የአንድ አገር ታሪክ በጽሑፍ ብቻ አይቀመጥም፤ በፎቶግራፍም ይቀመጣል። ፎቶግራፍ ግን እንደ ጽሑፍ ሁሉ ባለቤት አለው። ማን አነሣ? ማን ተነሣ? ማንስ ከመስኮቱ ውጭ ቀረ? ለመሆኑ የእኛ አገር የፎቶግራፍ ታሪክ ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ምን መልስ ይሰጣል? ውድ አንባቢያን፣ ነገሩ ከሥዕል ፍቅር ያለፈ የፖለቲካ ጥያቄ ነውና ጥቂት ላቆያችሁ።

በኢትዮጵያ ምድር ከተነሡት ቀደምት ፎቶግራፎች ጥቂት የማይባሉት የጦርነት ውጤቶች ናቸው። በ1860 ዓ.ም. በጄኔራል ናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት ከመሐንዲሶቹ ጋር ፎቶግራፍ አንሺዎችን አሰልፎ ነበር። ከዘመቻው በኋላ ወደ እንግሊዝ የተወሰደው የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁም ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን በተባለች ስመ ጥር ፎቶግራፍ አንሺ ፊት ቀረበ። ያ ሐዘን የተጫነው የሕፃን ፊት እስከ ዛሬ ያነጋግረናል። ልጁ ግን ፎቶውን አልጠየቀም፤ ተነሣ እንጂ።

ቀጥሎ ካሜራው ቤተ መንግሥት ገባ። የዳግማዊ ምኒልክ አማካሪ የነበረው ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ብዙ ፎቶግራፎችን አነሣ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ደግሞ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ሙያውንም ለልጆቹ አወረሰ። ሪቻርድ ፓንክረስትና ዴኒስ ዤራር እ.ኤ.አ. በ1996 ያሳተሙት መጽሐፍ ከ1867 እስከ 1935 (እ.ኤ.አ.) የተነሡ ፎቶግራፎችን ሰብስቧል። በዚያ ዘመን ፎቶግራፎች ውስጥ ገበያውም፣ ሸማኔውም፣ ውኃ ቀጂዋም አልጠፉም። ሆኖም መኳንንቱ በስማቸውና በማዕረጋቸው ሲመዘገቡ፣ ተራው ሰው «ገበሬ»፣ «ወታደር»፣ «የገበያ ሴት» ተብሎ ያለ ስም ያልፋል። ያነሡትም በአብዛኛው የውጭ ሰዎች ናቸው።

ፎቶ ቤቶች በየከተማው ሲከፈቱ ሁኔታው በመጠኑ ተለወጠ። ሕዝቡ ራሱ ከፍሎ፣ ክት ልብሱን ለብሶ መነሣት ጀመረ። «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል ስም ወጣቶች ከየቤተሰቡ አልበም የሰበሰቧቸው ፎቶግራፎች የዚያን ዘመን ውበት አሳይተውናል። ይሁን እንጂ ፎቶ ቤት የክት ነገር ነው። ሰው ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ይነሣል፤ ለሠርግና ለምረቃም ይነሣል። ከሥራ ደክሞ ሲመለስ፣ ወፍጮ ቤት ተራ ሲጠብቅ፣ ከጎረቤቱ ጋር ቡና ሲጠጣ ግን ማን ያነሣዋል?

ተራው ሰው በፎቶግራፍ አማካይነት መንግሥትን ያናወጠበት ጊዜ ቢኖር የወሎ ረሃብ ዘመን ነው። በ1965 ዓ.ም. ወደ ወሎ ተጉዘው የተመለሱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ያመጧቸው ፎቶግራፎች በግቢው ውስጥ ለእይታ ሲቀርቡ፣ ተደብቆ የነበረው እልቂት በተማሪው ዓይን ፊት ቆመ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት ደርግ የጆናታን ዲምብልቢን የረሃብ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ትዕይንት ጋር አቀናብሮ በቴሌቪዥን አሳየ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ሥዕል ዙፋን ሲያወርድ ያየ ትውልድ ነው ያለን። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ተራው ኢትዮጵያዊ ለዓለም የሚታየው ሲራብ፣ ሲሰደድና ሲሞት ብቻ ሆነ። ወሎዬው በደጉ ዘመን እንዴት ይኖር እንደነበር የሚያሳየን ሥዕል ከረሃቡ ሥዕል ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው።

ይህ ዕጣ ጎልቶ የሚታየው በምዕራብ ጎንደር ቆላ ነው። መተማ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታወሰን በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛ ከድርቡሾች ጋር ሲዋጉ የወደቁበት መሆኑ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በአልፋሽጋ የድንበር ውዝግብ ስሙ ተነሣ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ደግሞ በመተማ ዮሐንስ በኩል የሚገቡ ስደተኞች ሥዕል ዓለምን አዳረሰ። ጦርነት፣ ድንበር፣ ስደት። በእነዚህ ሦስት ቃላት መካከል የሚኖረው ሰው የት አለ? አብርሃ ጅራ ላይ ጠዋት ተነሥቶ ሱቁን የሚከፍተው፣ ሰሊጥ የሚያርመው፣ ልጁን ትምህርት ቤት የሚያደርሰው ሰው በየትኛው መዝገብ ውስጥ ይገኛል?

ተስፋ የሚሰጠኝ ከጎዳና የመጣ አዲስ ልማድ ነው። ሠዓሊው ሚካኤል ፀጋዬ ብሩሹን ትቶ ካሜራ ካነሣ በኋላ የሚፈርሱትን የአዲስ አበባ ሠፈሮች መዝግቧል። ወጣቱ ግርማ በርታ ደግሞ በእጅ ስልኩ የአዲስ አበባን የጎዳና ሰዎች እያነሣ፣ ከነጥላቸው ከአካባቢያቸው ነጥሎ በደማቅ አንድ ቀለም ላይ አቆማቸው። በዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2016 የጌቲ ኢሜጅስና የኢንስታግራምን ሽልማት አገኘ። ከእንግዲህ «ካሜራ የለኝም» የሚለው ምክንያት ለብዙው ወጣት አበቃለት።

ከአብርሃ ጅራ የመጣ አንድ ተማሪዬ የግርማን ሥራዎች ተመልክቶ «የእኛስ አገር ሰው?» የሚል ጥያቄ አደረበት። ለእረፍት ወደ ቤተሰቡ ሲሄድ በስልኩ የዕለት ኑሮውን ያነሣ ጀመር። ፎቶዎቹን ሳያቸው ከደጋ ለአረምና ለአጨዳ የወረዱ ወጣቶች፣ በአካባቢው አጠራር ሳሉጎች፣ ማለዳ ቀጣሪ ሲጠብቁ ይታያሉ። ታጭዶ እንዲደርቅ የቆመው የሰሊጥ ነዶ፣ ሂላው፣ ከኋላቸው ይታያል። አንዱ የስልኩን ባትሪ ሊያስሞላ ሱቅ ደጃፍ ተራ ይጠብቃል። ሌሎቹ ማሳ ዳር ከግራር ሥር ተኝተዋል።

የታሪክ መምህር እንደመሆኔ ይህች የመጨረሻዋ ሥዕል አስደነቀችኝ። በመንግሥት መዛግብት ስንት ኩንታል ሰሊጥ እንደተመረተ ይገኛል፤ ያመረተው ሰው የት እንዳደረ ግን አይገኝም። ካላዛር የተባለው ገዳይ በሽታ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ ሲሆን፣ በዚያ ቆላ ውጭ የሚያድሩትን የቀን ሠራተኞች ክፉኛ ያጠቃል። ስለዚህ የአንድ ሠራተኛ መኝታ ፎቶግራፍ የኢኮኖሚም፣ የጤናም፣ የፍትሕም ማስረጃ ነው። የግርማ ጥበብ ሰውን ከዳራው ይነጥላል፤ በአዲስ አበባ ግርግር ውስጥ ሰውየውን እንድናየው ያስገድደናልና ተገቢ ነው። በአብርሃ ጅራ ግን ዳራው ራሱ ታሪክ ነው። ግራሩ፣ ነዶው፣ የሱቁ ደጃፍ ከተቆረጠ ሰውየው እንደገና «ገበሬ» ተብሎ ያለ ስም ያልፋል። ተማሪዬ ዳራውን አለመንካቱ በእኔ እምነት ትክክል ነው።

አደጋ የለውም ማለት አይደለም። ግጭት በማያጣው የድንበር አካባቢ ካሜራ የያዘ ወጣት በጥርጣሬ ይታያል፤ የተነሣው ሰው ፊትም ባልታሰበ እጅ ሊወድቅ ይችላል። ስለሆነም ፈቃድ መጠየቅ፣ ቀኑንና ቦታውን መመዝገብ፣ ሰውየው ሲፈቅድ ስሙን መጻፍ፣ ጉዳት ሊያመጣበት የሚችለውን ሥዕል ይፋ ሳያወጡ ማቆየት ግድ ነው። ከተቻለም አንድ ቅጂ ለተነሣው ሰው ይሰጠው። ልዑል ዓለማየሁን ያልጠየቀው ካሜራ ስሕተቱን በአብርሃ ጅራ መድገም የለበትም።

ማሊያዊው ማሊክ ሲዲቤ ከነፃነት በኋላ የባማኮን ወጣቶች በየጭፈራው እየተከተለ ሲያነሣ ብዙው ሰው እንደ ጨዋታ ሳይቆጥረው አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2007 የቬኒስን ወርቃማ አንበሳ ተሸለመ፤ ሥዕሎቹም ዛሬ የአንድ ትውልድ ታሪክ ምስክር ሆነዋል። የእኛም ቆላ ምስክር ያስፈልገዋል። ሕዝብ በጦርነቱ ብቻ ከታወቀ፣ ሌላው ስለ መሬቱ እንጂ ስለ እሱ አይነጋገርም። በኑሮው ሲታወቅ ግን ድንበር የሚለው ቃል ከካርታ መስመርነት አልፎ የሰው ደጃፍ መሆኑ ይገባናል። ስልክ በእጃችሁ ያለ ወጣቶች ሆይ፣ የእናታችሁን ጓዳ፣ የጎረቤታችሁን ሱቅ፣ የሠፈራችሁን ገበያ ከነቀኑ መዝግቡ። ነገ የሚጽፈው የታሪክ ሰው ያመሰግናችኋል።

ቸር እንሰንብት።