የኤታማዦር ሹሙ መሐላ

በየቀኑ የምናልፍበትን ነገር ልብ አንለውም። ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ ደብተር ይዘን ከክፍል ወደ ክፍል ስንሯሯጥ፣ የቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለብዙዎቻችን አንድ ያረጀ ትልቅ ቤት ብቻ ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ግን በዚያ ቤት ውስጥ የታገቱ ሹማምንት በጥይት ተደብድበው ወድቀዋል። ከወደቁት አንዱ ሜጀር ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ ነበሩ። ያን ሰሞን መፈንቅለ መንግሥት አድራጊዎቹ በሬዲዮ የጦር ኃይሎች ኤታማዦር ሹም አድርገው ሾመዋቸው ነበር። ሹመቱ ከተነገረ ብዙም ሳይቆይ ጄኔራሉ ከታጋቾቹ ጋር ሞቱ። ሹመትና ሞት በአንድ ሳምንት!

ለመሆኑ ይህ ሥልጣን ምንድን ነው? የያዘውስ ሰው በአገራችን ታሪክ ውስጥ መጨረሻው ለምን እንዲህ ይከፋል? ይህን ጥያቄ ያነሣነው የሰው ስም ለማክበር ወይም ለማዋረድ አይደለም። ጥያቄው የእኛም ስለሆነ ነው። ጦርነት ሲመጣ የሚዘምተው የእኛ እኩያ ነውና!

ከቃሉ እንጀምር። «ኤታማዦር» ከፈረንሳይኛ የመጣ ቃል ሲሆን፣ የጦር አዛዥን በማቀድና በማደራጀት የሚረዱትን መኮንኖች ስብስብ ያመለክታል። እንግዲህ ኤታማዦር ሹም የእነዚህ መኮንኖች አለቃ ነው። ሥራው የሰው ኃይሉን፣ መረጃውን፣ ዘመቻውንና ስንቅና ትጥቁን አገናዝቦ ለመንግሥት መሪ «በዚህ ጦር ይህን ማድረግ ይቻላል፤ ይህን ግን አይቻልም» ብሎ መናገር ነው። በአሜሪካ እንዲያውም በ1986 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ የጦር ኃይሎቹ ኤታማዦር ሹሞች ሊቀመንበር ዋና ወታደራዊ አማካሪ ነው እንጂ ጦሩን በቀጥታ አያዝም። ባጭሩ የሹሙ ዋና መሣሪያ አፉ ነው ማለት ይቻላል። «አይቻልም» ማለት ካልቻለ ግን በትከሻው ላይ ያለው ኮከብ ጌጥ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ከቃሉ በፊት ሥራው በሌላ ስም ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የጦር ሚኒስትርነቱን የያዙት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ነበሩ። «አባ መላ» ይባሉ ነበር፤ ስማቸው በከንቱ አልወጣም። በ1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ ቃላቸው ከባድ ነበር፤ በሰገሌ ጦርነትም ዋነኛው የጦር መሪ እርሳቸው ነበሩ። ፊታውራሪው ሲናገሩ ቤተ መንግሥቱ ያዳምጥ ነበር። ለምን ቢባል መሐል ሠፋሪው በእጃቸው ነበር፣ መሬትም ነበራቸው። የመናገር ነጻነታቸውን የሰጣቸው ጉልበታቸው እንጂ ሕግ አልነበረም። ለዚህም ነው በ1919 ዓ.ም. ሲሞቱ ራስ ተፈሪ ቀድመው ያን ጦር በእጃቸው ያስገቡት። ከዚያ በኋላ እንደ አባ መላ ያለ ሰው ዳግመኛ እንዳይነሣ ታስቦበት ተሠራ።

እንዴት? ጦሩን በመከፋፈል ነዋ! ከጣሊያን ወረራ በኋላ የተደራጀው ሠራዊት በወረቀት ላይ ሲታይ ዘመናዊ ነበር። የጦር አካዳሚ ተከፈተ፤ እንግሊዞች፣ ስዊድኖች፣ አሜሪካኖች፣ ህንዶች በየፊናቸው አሠለጠኑ። ይሁንና ክብር ዘበኛው ለብቻው፣ ምድር ጦሩ ለብቻው፣ አየር ኃይሉ ለብቻው ነበር። የየክፍሉ አዛዥ ኤታማዦር ሹሙን አልፎ ጃንሆይ ፊት በቀጥታ ይቀርባል። አንዱ የሌላውን ይጠብቃል፤ ሁሉም ወደ ዙፋኑ ያያል። በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ኤታማዦር ሹም መሆን ቁልፍ የሌለው የግምጃ ቤት ሹም እንደ መሆን ነው።

ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚል ሳሉ የክብር ዘበኛው አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ከወንድማቸው ከገርማሜ ንዋይ ጋር ተነሡ። የያኔው ኤታማዦር ሹም ሜጀር ጄኔራል መርዕድ መንገሻ ግን በወጥመዱ ሳይያዙ ቀሩ፤ ከምድር ጦር አዛዡ ከሜጀር ጄኔራል ከበደ ገብሬ ጋር ሆነው ጦሩን አሰባሰቡና ዘውዱን አዳኑ። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ደግሞ ለውጡን ደግፈው ሰልፍ ወጥተው ነበር። ወታደር ወታደርን በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ተኮሰ። መንግሥቱ ንዋይ መጋቢት 21 ቀን 1953 ዓ.ም. በስቅላት ተቀጡ፤ መርዕድ መንገሻ የመከላከያ ሚኒስትር ሆኑ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ሁለቱም ጄኔራሎች መሐላ ነበራቸው፤ መሐላቸውም ለአንድ ሰው ነበር። አንዱ አፈረሰው፣ አንዱ ጠበቀው። አገሪቱ «ጦሩ የማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ግን አልመለሰችም፤ «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» ብላ ዘለለችው። የተዘለለ ጥያቄ ደግሞ ተመልሶ ይመጣል።

በ1966 ዓ.ም. መጣ። ደርግ ሰኔ 21 ቀን በተቋቋመ በቀናት ውስጥ ሌተና ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶም ኤታማዦር ሹም ሆኑ። በ1956 ዓ.ም. በሶማሊያ ድንበር በተደረገው ውጊያ የታወቁ፣ ወታደሩ የሚወዳቸው፣ በኋላ ግን ወደ ሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ገለል የተደረጉ ሰው ነበሩ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ሲወርዱ የደርጉ ሊቀ መንበር ተባሉ። ታዲያ እኚህ ሰው ምን አሉ? በኤርትራ ጉዳይ ተጨማሪ ጦር ከመላክ ይልቅ በሰላም እንነጋገር አሉ። የታሰሩትም ባለሥልጣኖች ያለ ፍርድ እንዳይገደሉ ተከራከሩ። ይኸው ነው ጥፋታቸው! ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ቤታቸው በጦር ተከቦ ተገደሉ። በዚያው ሌሊት ወደ 60 የሚጠጉ ሹማምንትና መኮንኖች ተረሸኑ፤ በ1953 ዘውዱን ያዳኑት ከበደ ገብሬም ከእነርሱ መካከል ነበሩ። በኤርትራ የቀጠለው ጦርነት ደግሞ ከዚያ በኋላ ከ16 ዓመት በላይ ወጣት በላ።

በዚህ መካከል «አይቻልም» ማለት ወንጀል ሆነ። በየካቲት 1980 ዓ.ም. በሰሜን ግንባር ጦር ይመሩ የነበሩት ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በርዕሰ ብሔሩ ትእዛዝ ተረሸኑ፤ በወሩ አፋቤት ወደቀ። በየካቲት 1981 ሽሬ ተከተለ። የሚያውቁት ዝም አሉ፤ የማያውቁት አዘዙ።

ግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ወደ ምሥራቅ ጀርመን እንደ ሄዱ፣ ኤታማዦር ሹሙ ሜጀር ጄኔራል መርዕድ ንጉሤና ጓደኞቻቸው በመከላከያ ሚኒስቴር ተሰበሰቡ። ጦርነቱን በድርድር ለመጨረስ ነበር ሐሳባቸው። ስብሰባው ረዘመ። የመከላከያ ሚኒስትሩ ተገደሉ፤ ግቢው ተከበበ። መርዕድ ንጉሤና የአየር ኃይሉ አዛዥ ሜጀር ጄኔራል አምሃ ደስታ ራሳቸውን ገደሉ። በግንቦት 1982 ዓ.ም. ደግሞ 12 ጄኔራሎች ተረሸኑ። ጦሩ ራሱ ተቆርጦ አካሉ ብቻ ቀረ፤ በዓመቱ፣ ግንቦት 13 ቀን 1983፣ አዛዡም ጥለውት ሄዱ። ሁለት መርዕዶች፣ 28 ዓመት ልዩነት፤ አንደኛው ዘውዱን ሲያድኑ ሁለተኛው ራሳቸውን አጡ። ጥያቄው ግን ያው አንዱ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ኤታማዦር ሹም አይሆንም ካለ እኮ መፈንቅለ መንግሥት ተጀመረ ማለት ነው፤ ወታደር መታዘዝ ነው ያለበት» ይሉናል። እኛ ግን በአፍ «አይሆንም» ማለትና በታንክ «አይሆንም» ማለት ለየቅል ናቸው እንላለን። የመጀመሪያው ምክር ነው፤ ሁለተኛው አመፅ ነው። ታሪካችን የሚነግረን የመጀመሪያው በር ሲዘጋ ሁለተኛው እንደሚከፈት ነው። አማን በአፋቸው ተናገሩ፣ ተገደሉ፤ ከዚያ በኋላ የመጡት በአፍ ለመናገር ምን ልብ ይኖራቸዋል? ለዚህ ነው በመርዕድ ንጉሤ ላይ ለመፍረድ የምንቸገረው። መንገዳቸው ትክክል ነበር ማለታችን አይደለም፤ ሌላ መንገድ ያስቀረላቸው አልነበረም ማለታችን ነው እንጂ።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 87 የመከላከያ ሚኒስትሩ ሲቪል እንዲሆን፣ ሠራዊቱም ከፓርቲ ወገናዊነት ነጻ ሆኖ ለሕገ መንግሥቱ እንዲታዘዝ ይላል። በጽሑፍ ደረጃ መሐላው ከሰው ወደ ሕግ ተዛወረ ማለት ነው፤ ትንሽ ነገር አይደለም። ነገር ግን ጽሑፍ ብቻውን ሰው አይጠብቅም። ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. ኤታማዦር ሹሙ ጄኔራል ሰዓረ መኮንን በገዛ ጠባቂያቸው እጅ በቤታቸው ተገደሉ።

እንግዲህ ነገሩን ስንጠቀልለው፣ የአንድ አገር ጤንነት ከሚለካባቸው ነገሮች አንዱ ትልቁ ወታደር ለትልቁ ባለሥልጣን «ጌታዬ፣ ይህ አይቻልም» ብሎ ማታ ቤቱ በሰላም መግባት መቻሉ ነው። ሲታዘዝ ለሕግ፣ ሲመክር በእውነት፣ ሲሻር በሰላም! ይህ በሌለበት አገር ዋጋውን ጄኔራሉ ብቻውን አይከፍልም፤ ስሙ በየትም መዝገብ ያልሰፈረው ተራ ወታደር አብሮ ይከፍላል። ነገ በዚያ በአሮጌው ቤተ መንግሥት ደጃፍ ስናልፍ አንድ ጊዜ ቀና ብለን እንየው፤ ገና ያልመለስነው ጥያቄ እዚያ አለና።