ከድል በኋላ የቀረ ሂሳብ



ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ስንጫወት ታላላቆቻችን ከወላጆቻቸው የሰሙትን ሲያወጉን «ጣሊያን ከወጣ ወዲያ» ብለው ይጀምራሉ። ጦርነቱ በዚያን ዕለት ያለቀ ይመስለናል። ነገሩን ጠጋ ብለን ስናየው ግን የጠላት መውጣት አንድ ነገር ነው፤ የአገር መርጋት ደግሞ ሌላ ነው።

መጀመሪያ ድሉን እናስታውስ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ድንበር ተሻገሩ። እንግሊዛዊው ዊንጌት ይመራው የነበረው የጌዴዎን ጦር ከ2,000 ሰው የማይበልጥ ነበር። እዚህ ቡሬ ምሽግ ውስጥ የነበረው የጣሊያን ጦር በቁጥር እጅግ ይበልጠዋል። ይሁን እንጂ አርበኛው አገሩን ስለያዘበትና ሌሊት ሌሊት ስለሚተኮስበት ልቡ ራደና በየካቲት መጨረሻ ምሽጉን ለቆ ወደ ደምበጫ ሸሸ። ንጉሠ ነገሥቱም መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ፣ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ።

ከዚህ ድል በፊት ብዙ ሰው የማያነሳው አንድ ሥራ ተሠርቷል። በኛ በኩል የነበሩት ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህና ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ ሁለቱም አርበኞች ሲሆኑ እርስ በርሳቸው አይስማሙም ነበር። በነሐሴ 1932 ዓ.ም. በስውር የገባው የሳንፎርድ መልእክት ሁለቱን አቀራረበ፤ በመስከረም 1933 ለመረዳዳት ተስማሙ። እንግዲህ እርቁ ከዘመቻው ቀደመ ማለት ነው።

ከድሉ በኋላ ግን ነገሩ ተገላበጠ፤ ግብሩ ከእርቁ ቀደመ። የመንግሥት ካዝና ባዶ ስለነበረ በ1934 ዓ.ም. በወጣው የመሬት ግብር ሕግ በጋሻ ለም 15፣ ለም ጠፍ 10፣ ጠፍ 5 ብር ተቆረጠ። በዚሁ ዓመት አገረ ገዥዎች ደመወዝተኛ የማዕከል ሹሞች እንዲሆኑ ተወሰነ። ይህ ሁሉ በወረቀት ሲያዩት መልካም ነው። የጎጃም ባላገር ግን ከብሩ ይልቅ የፈራው ገመዱን ነው። በደቡብ መሬት በቃላድ ሲለካ ስንቱ ርስቱን አጥቶ ጭሰኛ እንደሆነ ሰምቷልና!

በዚያ ላይ የሹመት ቅሬታ መጣ። አምስት ዓመት ዱር ያደረው አርበኛ፣ ከስደት የተመለሰው፣ ለጣሊያን ያደረውም ባንዳ በአንድ አደባባይ ተገናኙ። «እኛ ደማን፣ እነሱ ተሾሙ» የሚለው ሮሮ በየቦታው ይሰማ ነበር። የቢቸናው በላይ ዘለቀ ከመንግሥት ጋር ተጋጭቶ በ1937 ዓ.ም. ተሰቀለ። ነጋሽም ቢትወደድ ተብለው ለሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ፕሬዚዳንትነት ከበቁ በኋላ በ1943 ዓ.ም. በሤራ ተከሰው ታሰሩ።

ያልተዘጋው ሂሳብ ከ27 ዓመት በኋላ ተመልሶ መጣ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ ጎጃም አመጸ። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ላከ፤ ሰው ሞተ፣ ቤት ተቃጠለ። በመጨረሻ አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፤ ከ1942 እስከ 1960 ዓ.ም. የነበረው ውዝፍ ግብርም ተማረ። ታዲያ መነጋገሩ ከተኩሱ በፊት ቢሆን ምን ነበረበት?

ይህን የምናነሳው የሞቱትን ለመውቀስ አይደለም፤ በኛም ዘመን ያው ስለደረሰ ነው። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ የሰሜኑን ጦርነት የሚያቆም ስምምነት ተፈረመ። ዓመት ሳይሞላው በኛው በጎጃም ተኩስ ተሰማ፤ ያን ጊዜ ያለቀሰውን እናት ሁላችንም እናውቃለን።

ዕድር መንግሥት አይደለም፤ አገር አያስታርቅም። ቢሆንም የምናውቀው አንድ ነገር አለ። በመዝገባችን ላይ «ከማን ወገን ነበር» የሚል ዓምድ የለም። ጡሩንባ ሲነፋ ድንኳኑ ለሁሉም ይተከላል፤ የተኳረፈውም አጠገብ ላጠገብ ተቀምጦ ንፍሮ ይቆነጥራል። አያቶቻችን ከዘመቻው በፊት ያደረጉትን እርቅ እኛ ቢያንስ ለቅሶ ቤት እናቆየው። ከዚያ ወጥቶ አደባባይ የሚደርስበትን ቀን ያምጣልን።

ለሞቱት ነፍስ ይማር፤ ለቀረነው ልቦና ይስጠን።