የሰንጋውና የአጋዘኑ ዋጋ

ወገኖቼ፣ የዛሬው ወጋችን ስለ ዋጋ ነው፤ ስለ ሰንጋ ዋጋና ስለ አጋዘን ዋጋ። ሁለቱን ምን አገናኛቸው የምትሉ ትኖራላችሁ። ታገሡኝ፤ መንገዱ ረዘም ይላል፣ ከራያ ቆቦ ተነሥቶ እስከ አፍሪካ ጫፍ ይወርዳል፣ ከዚያም ተመልሶ ባሌ ይወጣል፣ መግቢያው ግን ያው ራያ ነው።

ከወልድያ ወደ ሰሜን የሄደ ሰው አገሩን ያውቀዋል። ጎብዬን አልፎ፣ ሮቢትን አልፎ ሜዳው በፊቱ ይዘረጋለታል። በግራው የላስታ ተራሮች ቆመዋል፣ በቀኙ የዞብል ጋራ አለ፣ ከዞብል ወዲያ ደግሞ አፋር ነው። እነ ጎሊናና ሆርማት ከደጋ ይወርዳሉ፤ ቆላው ላይ ጠብ ሳይል ተራራው ላይ የዘነበው ደፍርሶ ይመጣል፣ ገበሬውም ሌሊት ተነሥቶ ጎርፉን ይጠልፍና ወደ ማሳው ያገባዋል፣ ከዚያም ደጋሌቱና ጅጉርቲው ማሽላ ከሰው ቁመት በላይ ይሄዳል። ፍሬው ለሰው ነው፣ አገዳው ለበሬ። የራያን ሰንጋ ያየ ሰው ቀንዱን አይረሳም፤ ግንባሩ ላይ ተነሥቶ ወደ ላይ የሚከፈተው ያ ረጅም ቀንድ ከሩቅ ያስታውቃል።

እንግዲህ በቆቦ ከብት ገበያ እንቁም። አፋሩ ግመሉን እየነዳ ዞብልን ተሻግሮ መጥቷል፣ የራያው ሰው ሽመሉን ትከሻው ላይ አጋድሞ ከበሬው አጠገብ ቆሟል። ገዢ ይመጣል። መጀመሪያ ሻኛውን ይጨብጣል፣ ከዚያ ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን ያያል፣ ከዚያ ፈቀቅ ብሎ በሬውን ያስነዳና አረማመዱን ይመለከታል፣ ከዚያም ዋጋ ሳይጠራ ዝም ይላል። ሻጩ ወደ ፀሐይ ቀና ይላል። ሳይመሽ እህል ሸምቶ መግባት አለበት። ገዢው ግን ለሚቀጥለው ገበያም መምጣት ይችላል። ይህን ዝምታ ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ኋላ እንሂድ፣ ወደ 1880 ዓ.ም። ጣልያን ምጽዋን ይዞ ወደ መሐል አገር ለመግፋት ያስብ ነበርና ለሠራዊቱ ቀለብ የሚሆን ከብት ከባሕር ማዶ አስመጣ፣ ከከብቱም ጋር ደስታ በሽታ ገባ። ስሙ ደስታ ይሁን እንጂ የሚያመጣው ለቅሶ ነው። የከብቱ ዓይን ያነባል፣ አፉ ይቆስላል፣ ይቀዝናል፣ ብዙ ቀንም ሳይቆይ ይወድቃል። ከምጽዋ ወደ ሐማሴን፣ ከሐማሴን ወደ ትግሬ፣ ከዚያም በራያና በየጁ አድርጎ ወደ ሸዋና ወደ ደቡብ ወረደ። ከአገሪቱ ከብት ከአሥሩ ዘጠኙ አለቀ ይባላል። በላዩ ላይ ድርቅ መጣ፣ አንበጣና ተምች ተከተሉ፣ በዚያው መሐል በ1881 መጋቢት ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ። አባቶቻችን ክፉ ቀን ብለው አለፉት፤ ሌላ ስም አልፈለጉለትም።

ያኔ የበሬ ዋጋ ምን ሆነ? አስቡት። ባለ አንድ በሬው ከባለ አንድ በሬ ጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ገብቶ የሚያርስበት አገር ነው፤ ከዚያ አንዱም ሌላውም በሬ ሞተና የሚያቀናጅ ጠፋ። የተረፈው በሬ ዋጋው ሰማይ ነካ፣ በዚያ ዋጋ የሚገዛው ግን አልተገኘም። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፈሩ፣ መኳንንቱም አፍረው ዶማ ጨበጡ። እህሉ ደግሞ በየሳምንቱ ይወደዳል። ባለ በሬው በሬውን ይዞ ሲጠብቅ ባለ እህሉ እህሉን ይዞ ይጠብቃል፤ ሁለቱንም ያጣው ሰው ግን ምን ይዞ ይጠብቅ?

እዚህ ላይ ነው ወጋችን ወደ ዱር የሚገባው። ደስታ በሽታ የበረት ከብትና የዱር እንስሳ አይለይም፤ ሰኮናው ከተሰነጠቀ ይበቃዋል። ጎሹን ገደለ፣ ቀጭኔውን ገደለ፣ አጋዘኑን፣ ከርከሮውን ገደለ። ከእኛ አገር ወጥቶ በ1883 ዓ.ም አካባቢ በምሥራቅ አፍሪካ ሜዳዎች ነበር፤ የማሳይ ከብት አለቀ፣ ከከብቱም ጋር የማሳይ ሰው። ከዚያም ወደ ደቡብ ወርዶ ዛምቤዚ ወንዝ ዳር ጥቂት ዓመታት ዘገየ፣ ከዚያም በ1888 ተሻገረ። 1888ን ታውቁታላችሁ፤ እኛ ዓድዋ ላይ ጣልያንን በመታንበት ሰሞን ጣልያን ያስገባው በሽታ በዛሬዋ ዚምባብዌ ያለችው ቡላዋዮ ደርሶ የበሬ ጋሪ በየመንገዱ አቁሞ ነበር። ነጮቹ ቅኝ ገዢዎች ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ሽቦ አጠሩ፣ ዘበኛም አቆሙ፤ በሽታው ግን አጥሩን አልፎ የአፍሪካ ጫፍ ኬፕ ገባ። ጎሹ በብዙ ቦታ ከማለቁ የተነሣ በደቡብ አፍሪካ አንዳንድ ቆላ የገንዲ ዝንብ እንኳ የምትመጠው ደም አጥታ ጠፋች።

እንስሳው ሲመናመን ባለ ጠመንጃው ደነገጠ፤ እርግጥ ጠመንጃውም ቢሆን ሲጨርሰው ነው የኖረው። በ1892 ዓ.ም የአውሮፓ መንግሥታት ለንደን ተሰብስበው የአፍሪካን ዱር እንስሳት ለመጠበቅ ተዋዋሉ፣ ከዚያም በየቅኝ ግዛቱ ፈቃድ፣ ኮታ፣ ክልክል ቦታ የሚባል ነገር ተደራጀ። በ1901 የአሜሪካው ቴዎዶር ሩዝቬልት ከፕሬዚዳንትነት እንደወረደ ኬንያ መጥቶ ብዙ ተሸካሚ አሰልፎ አደነ፣ ወሬውም ዓለምን ዞረና ሳፋሪ የሀብታም ጉዞ ሆነ። በእኛ ዘንድ አንበሳ ወይም ዝሆን የጣለ ሰው ቅቤ ተቀብቶ፣ ፎክሮ፣ ተሞግሶ ይገባ ነበር፤ የዚያ አደን ዋጋ ክብር ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ግዳይ ተመን ወጣለት።

ባሌ ያለው የእኛ ደጋ አጋዘን ወደዚህ ተመን የገባው ዘግይቶ ነው። ሳይንስ የመዘገበው በ1903 ዓ.ም አካባቢ ነው፤ ከአፍሪካ ትልልቅ አጋዘኖች መጨረሻ ከተመዘገቡት አንዱ እሱ ነው። ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ በዓለም የትም የለም። ከባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውጭ እንደ ሙነሳ፣ እንደ ሀንቶ፣ እንደ ኦዶቡሉ ባሉ የአደን ቀጠናዎች የዱር እንስሳት ባለሥልጣኑ በየዓመቱ ስንት ይታደን ብሎ ይወስናል፤ የሚፈቀደው ቁጥርም ትንሽ ነው። ለውጭ አዳኝ የአንድ ደጋ አጋዘን ፈቃድ 15,000 ዶላር ተተምኖ ነበር። ይህ የፈቃዱ ብቻ ነው። ለአዳኝ ኩባንያው፣ ለሰፈሩ፣ ለመኪናው፣ ለሦስት ሳምንቱ ቀለብ፣ ቀንዱን አድርቆ ባሕር ለማሻገር የሚከፈለው ሲታከልበት ድምሩ የፈቃዱን ብዙ እጥፍ ይሆናል። ከፈቃዱ ገንዘብ አብዛኛው ለክልል ነው፤ ለቀበሌውም ጥበቃውና የቀን ሥራው ይተርፋል።

እንግዲህ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም ኮሮና አዲስ አበባ ተገኘ ተባለ፣ በዚያው ወር አየር መንገዱ ብዙ በረራዎቹን አቆመ፣ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በእኛ መንገድ አውቶቡሱ በግማሽ ሰው በእጥፍ ዋጋ ይሄድ ጀመር፣ ገበያውም ቀዘቀዘ። አሜሪካ ያለው አዳኝ ደግሞ ቤቱ ተቀመጠ። ደቡብ አፍሪካም ድንበሯን ዘግታ እስከ መስከረም 2013 ዓ.ም ቆየች። በናሚቢያ ከአደንና ከጎብኚ በሚገኝ ገቢ የሚተዳደሩት የመንደር ጥብቅ ቦታዎች የጠባቂዎቻቸውን ደመወዝ ከየት እንደሚያመጡ ጨነቃቸው።

ዋጋው ወረደ ወይ? ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የመንግሥት ተመን በደንብ የተጻፈ ነውና በበሽታ አይወርድም። ኩባንያው መቀነስ የሚችለው የራሱን የቀን ሂሳብ ነው፤ እሱንም ጥቂቱ ቀነሰ፣ ብዙው ግን ለደንበኛው «ቀብድህ አይጠፋም፣ ለከርሞ ትመጣለህ» አለው። ደንበኛውም እሺ አለ። ለእሱ ዓመት ምኑ ነው? ቀብዱ አለ፣ አጋዘኑም አለ። ከዚያ በረራው ሲከፈት ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣ፤ ነዳጁ ተወዷል፣ የአውሮፕላኑ ቲኬት ተወዷል፣ ጥይቱ እንኳ ተወዷል፣ ስለዚህ የሳፋሪ ዋጋ ከበሽታው በፊት ከነበረው በላይ ወጣ። በበሽታው ዘመን የተሰበረው ዋጋ የቀን ሠራተኛው ነው፤ ድንኳን የሚተክለው፣ ዱካ የሚከተለው፣ ጫካውን የሚጠብቀው። እሱ ቀብድ የለውም።

የብሩን ነገርም ልጨምርላችሁ። ኮሮና በገባበት ወር 15,000 ዶላር ቢመነዘር ግማሽ ሚሊዮን ብር አይሞላም ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ብሩ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ተነሣ፣ ጥቂት ሳምንት ሳይቆይም ከመቶ ብር አለፈ፤ ያው 15,000 ዶላር ከአንድ ሚሊዮን ተኩል ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። አጋዘኑ በዶላር ባለበት ቆሞ ነበር። ጠባቂው ግን ጤፉን የሚሸምተው በብር ነው፣ ደመወዙም የዶላሩን ያህል አልሮጠም።

በመሐሉ የደቡብ አፍሪካን ነገር ሳልነግራችሁ አልልፍም። በደስታ በሽታ እንዳልሆነ ሆኖ የነበረው ጎሽ በ2009 ዓ.ም መግቢያ ሰሞን እዚያው ለጨረታ ቀረበ፤ ሆራይዘን የተባለ የአንድ ኮርማ ጎሽ ሩብ ድርሻ በ44 ሚሊዮን ራንድ ተሸጠ። ገበያው እንዲህ ካበደ በኋላ ሁሉም ጎሽ አርቢ ሆነና ዋጋው ተንኮታኮተ። እኔ በዚህ አልስቅም፤ ግን ፈገግ እላለሁ።

አሁን ወደ ዞብል ወዲያ ማዶ፣ ወደ አፋር እንመለስ። ደስታ በሽታ በአገራችን ለመጨረሻ ጊዜ የታየው እዚያ ነው፣ በ1988 ዓ.ም፣ ዓድዋ መቶ ዓመት በሞላው ዓመት። ክትባቱ ድሮ ያለ በረዶ ሣጥን አይንቀሳቀስም ነበር፣ የአፋር ሙቀት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ሙቀት የሚችለው ክትባት ሲመጣ አርብቶ አደሮቹ ራሳቸው ሠለጠኑ፣ መርፌውን ይዘው በእግራቸው ከብቱ ካለበት ደረሱ፣ መኪና በማይገባበት ሁሉ ከተቡ፣ በሽታውም ጠፋ። በ2003 ዓ.ም ዓለም ከደስታ በሽታ ነጻ ነው ተብሎ ታወጀ። ዛሬ በአፍሪካ አዳኝ የሚተኩሰው ጎሽ በሕይወት ካለበት ምክንያት አንዱ የእነዚያ እረኞች እግር ነው፤ በየትኛውም የሳፋሪ ሂሳብ ውስጥ ግን ተጽፎ አላየሁትም።

እኛ ራያዎችስ? በ2013 መስከረምና ጥቅምት፣ ኮሮናው ሳይወጣ አንበጣ መጣ። ማሽላው ሊደርስ፣ ጤፉም ሊያጎነብስ ተቃርቦ ነበር። ሴቱ ቆርቆሮ ይደበድባል፣ ልጁ ጅራፍ ያጮኻል፣ ሽማግሌው ኩታውን ያወናጭፋል፤ አንበጣው ከአንዱ ማሳ ተነሥቶ ሌላው ላይ ያርፋል። ፍሬውን ሲጨርስ ቅጠሉን በላ፣ ለበሬው የሚቀመጠው አገዳም እርቃኑን ቀረ። ከዚያ በዚያው ጥቅምት የሰሜኑ ጦርነት ተነሣ፣ በክረምቱም ቆቦ ራሷ ገባችበት። የዚያን ጊዜውን ሐዘን ዛሬ አልነካውም፤ ብቻውን ወግ ይፈልጋል።

መኖ ያለቀበት ገበሬ በሬውን ገበያ ያወጣል። ሌላውም ያወጣል፤ ሰንጋው ይበዛል፣ ገዢው ያንሳል፣ እህሉ በዚያው ልክ ይወጣል። ያን ጊዜ ያ ገዢ ሻኛውን ጨብጦ ዝም ሲል፣ ዋጋውን የሚቆርጠው ዝምታው ነው። ባለ ቀብዱ አሜሪካዊ ዓመት ጠብቆ አጋዘኑን ያገኛል፤ የራያው ሰው ግን ለሚቀጥለው ገበያ አይደርስም፣ በሬው ይከሳበታል፣ ልጆቹም ይርባቸዋል። አንድ ዓይነት መከራ ሁለት ገበያ ገባና አንዱን አስወደደ፣ አንዱን አረከሰ፤ ልዩነቱ እንስሳው ላይ አልነበረም፣ ማን መቆየት ይችላል የሚለው ላይ ነበር።

የአጋዘኑ ዋጋ በደንብ ተጽፏል፣ በኩባንያዎቹ ዝርዝርም ታትሟል፣ የሚፈልግ ያገኘዋል። በ2013 ቆቦ ላይ በሬው ስንት እንደተሸጠ የሚያውቀው ግን የሸጠው ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ወገኖቼ፣ በየቤታችሁ ላሉት አባቶች ቡና ሲፈላ ጠይቋቸው፦ በዚያ ዓመት በሬህን ስንት ሸጥክ፣ በገንዘቡስ ስንት ቁና ማሽላ ገዛህ? ከዚያም ቀኑንና ዋጋውን ጽፋችሁ አስቀምጡልን።