የመኪና አፍንጫና የመስቀል መንገድ

ባለፈው መስቀል ቡታጅራ ነበርኩ። የአጎቴ ፒክ አፕ አቀበት ላይ ጥቁር ጭስ እየተፋች “አልሄድም” ስላለች፣ የበዓሉን ዋዜማ ያሳለፍኩት ክትፎ ፊት ሳይሆን ጋራዥ ደጃፍ ነው። መኪናዋ ባለ ቱርቦ ናፍጣ ናት። ስኖርክልም አላት፤ ያቺ ከኮፈኑ ጎን ወጥታ በመስታወቱ ዳር እስከ ጣሪያ የምትቆመው ጥቁር ቱቦ። አጎቴ ካስገጠሟት ሁለት ዓመት አይሞላም፤ በቱቦዋም ይኮሩባታል።

ሽማግሌው መካኒክ ሞተሩን አስነሱና ጠፍጣፋ ላስቲክ ፈልገው የቱቦዋን አፍ ግጥም አድርገው ደፈኑት። ጠበቅን። ሞተሩ ሆዬ ምንም እንዳልተፈጠረ መዞሩን ቀጠለ።

“ጋሼ፣ ምን ማለት ነው ይሄ?” አልኳቸው።

“አፍንጫውን ይዘኸው የማይታፈን ሰው አይተህ ታውቃለህ ልጄ? ይቺ የምትተነፍሰው በሌላ ቀዳዳ ነው። ይሄ አፍንጫ አይደለም፤ ጉትቻ ነው።”

አጎቴ አልሳቁም። እኔ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ይህቺ ቱቦ ከአእምሮዬ አልወጣ አለች። ከየት መጣች? እኛ አገርስ ምን ትሠራለች? ስከታተላት ታሪኳ ከመኪናው ሳይሆን ከመንገዱ ጀመረ።

ጉራጌ በመስቀል አገሩ እንደሚገባ ለናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። መስከረም 17 ማለት ክረምቱ ገና እግሩን ያነሳበት ቀን ነው። መረሬው አልደረቀም፤ ወንዙ አልጎደለም። ሰው ሁሉ አገሩ መግባት የሚፈልግበት ሳምንትና መንገዱ ክፉኛ የተበላሸበት ሳምንት አንድ ናቸው። የመርካቶው ነጋዴም ሊስትሮውም ለእናቱ የሸመተውን ይዞ ከጭቃ ጋር የሚታገለው በዚሁ ጊዜ ነው።

ወልቂጤ በዚህ በኩል ዕድለኛ ነበረች። ጣሊያን አገሩን በያዘባቸው ዓመታት (1928–1933 ዓ.ም.) የከፈተው የጅማ መንገድ ያልፍባታል። ከዚያ ግራና ቀኝ ያለው የቸሃ፣ የእዣ፣ የጉመርና የእነሞር ሰው ግን ከአውራ ጎዳናው ሲወርድ ቀሪው በእግርና በበቅሎ ነበር። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ የዓለም ባንክም ቀደም ብሎ በ1950 እ.ኤ.አ. ለመንገድ ብድር ሰጥቶ ነበር። ይሁን እንጂ ያን ጊዜ ቅድሚያ ያገኙት ከአዲስ አበባ ወደየጠቅላይ ግዛቱ የሚወጡት ትልልቅ መንገዶች ነበሩ። የመንደሩ መንገድ ተራው መቼ እንደሚደርስ የሚያውቅ አልነበረም።

ጉራጌ ተራውን አልጠበቀም። በ1954 ዓ.ም. የራሱን የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቋመ። አዲስ አበባ ያለው ከንግዱ፣ አገር ቤት ያለው ከእንሰቱና ከቡናው አዋጣ፤ ከአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ጋርም ተባብሮ አስጠረገ። ዛሬ የጉራጌ ሕዝብ ራስ አገዝ ልማት ድርጅት የምንለው ከዚያ የበቀለ ነው። ጉራጌ በጋራ መተንፈሻ የከፈተው በዚህ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

መንገዱ ሲከፈት መኪናው መጣ። ላንድሮቨር በ1948 እ.ኤ.አ.፣ የቶዮታ ላንድክሩዘር አባት የሆነው ቢጄ ደግሞ በ1951 እ.ኤ.አ. የተወለዱ ናቸው። ለጭነት ሁላችንም ስሙን የምናውቀው ፊያት ኤንትሬ ነበር። እነዚህ ሞተሮች ቱርቦ አያውቁም። አቧራ የሚያጣሩትም ብዙዎቹ ከሥሩ ዘይት በተሞላ ጣሳ ነበር፤ አየሩ ዘይቱ ላይ ሲያልፍ አቧራው እዚያው ይቀራል። ጣሳው ታጥቦ ዘይቱ ከተቀየረ ሥራውን ይቀጥላል።

ችግሩ ከፍታው ነው። ቡታጅራ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ወልቂጤ 1,900 ያህል። በዚህ ከፍታ ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው አየር ከ5 እጅ 1 እጁ ጎድሏል። ናፍጣ ደግሞ ያለ አየር አይነድም፤ አየር ሲያንሰው ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። አሮጌ መኪና ወደ ጉራጌ ተራሮች ሲወጣ የሚያቃስተው ስላረጀ ብቻ አይደለም፤ አየር አጥሮት ነው።

መድኃኒቱ ቀደም ብሎ ተገኝቶ ነበር። አልፍሬድ ቡኺ የተባለ የስዊስ መሐንዲስ በ1905 እ.ኤ.አ. የቱርቦን ሐሳብ አስመዘገበ። የሚባክነው ጭስ አንዱን ጎማ ያሽከረክራል፤ በዚያው ዘንግ ጫፍ ያለው ሁለተኛው ጎማ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ ይገፋል። ላንድክሩዘር ግን ባለ ቱርቦ ናፍጣ ያገኘው በ1985 እ.ኤ.አ. ነው። በ1990 እ.ኤ.አ. ደግሞ እኛ “ኮብራ” የምንለው ትውልድ 4.2 ሊትር ባለ ቱርቦ ሞተር ይዞ መጣ።

ቱርቦ ከፍታውን አሸነፈ፤ አቧራውን ግን ይበልጥ ጠላው። እንዴት? ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 4.2 ሊትር ሞተር በሁለት ዙር አንዴ ይሞላል። በደቂቃ 3,000 ዙር ሲሄድ 6,300 ሊትር አየር ይስባል ማለት ነው፤ ቱርቦው ሲገፋ ደግሞ ከዚያም በላይ። የቱርቦው ጎማ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል። በዚህ ፍጥነት የቡታጅራ ቀይ አቧራ እንደ አሸዋ ወረቀት ነው። መጀመሪያ የጎማውን ስለት ይበላል፤ ቀጥሎ የፒስተን ቀለበቶቹን። ከዚያ ሞተሩ ዘይት መጠጣት ይጀምራል፤ ባለቤቱም ኪሱን ይዳብሳል።

ስኖርክል የገባው እዚህ ላይ ነው። ነገሩ የባሕር ልጅ ነው። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ዊኸርስ የተባለ የሆላንድ ባሕር ኃይል መኮንን ሰርጓጅ መርከብ ከውኃ በታች ሆኖ የናፍጣ ሞተሩን እንዲያስነሳ አየር በረጅም ቱቦ ከላይ የሚስብበትን ዘዴ ሠራ። ጀርመኖች በ1940 እ.ኤ.አ. ሆላንድን ሲይዙ ወሰዱት፤ ስሙም የእነሱ ነው። በዚያው ጦርነት ጂፖችና ታንኮች ከመርከብ ወደ ባሕር ዳርቻ ሲወርዱ ተመሳሳይ ቱቦ ተገጠመላቸው። ከዚያ ወደ ሲቪሉ መኪና ወረደ።

ለምን ይጠቅማል? ውኃ አይጨመቅም። የናፍጣ ሞተር አየሩን በብዙ እጥፍ ይጨምቃል፤ በአየሩ ፈንታ ውኃ ከገባ ቢዬላው ይጣመማል፣ ሞተሩም ባለበት ይቆማል። ወንዝ ለሚሻገር ሰው ይህ የሞት ፍርድ ነው። እኛ አገር ግን ከውኃው በላይ የሚያገለግለን ለአቧራ ነው። በፓራፋንጎ ውስጥ ያለው የፋብሪካው መሳቢያ ከፊት ጎማ አጠገብ፣ አቧራው ከሚቦልልበት ነው። የጣሪያ ቁመት ላይ ያለው አየር ከዚያ የጠራ ነው፤ የሞተሩ ሙቀትም አይደርስበትም።

“ጉትቻ” እንዳይሆን ግን ከአፉ እስከ ቱርቦው ድረስ አንድ ወጥ ቱቦ መሆን አለበት። መካኒኩ የአጎቴን መኪና ሲፈቱ ሦስት ነገር አገኙ። ቱቦው ከፊልትሮው ሣጥን ጋር የተያያዘው ያለ ማሰሪያ፣ ዝም ብሎ በመሰካት ነበር። ከሣጥኑ ሥር ያለችው አቧራ የምታራግፈው የጎማ ከንፈር ጠፍታለች። ሦስተኛውና ክፉው ደግሞ ከፊልትሮው በኋላ ወደ ቱርቦው የሚሄደው ጎማ ተሰንጥቋል፤ እዚያ የሚገባ አቧራ ማንም አያጣራውም። እሳቸው ያደረጉት ቀላል ነው። ጎማውን ቀየሩ፣ መጋጠሚያዎቹን በማሰሪያ አጠበቁ፣ ከንፈሯን መለሱ፣ ፊልትሮውንም በአዲስ ተኩ። “በኮምፕሬሰር እየነፋችሁ ወረቀቱን አትብሱት” አሉ። ከዚያ ላስቲኩን መልሰው ቱቦው አፍ ላይ አደረጉ። ሞተሩ ተንገጫግጮ ጠፋ። አጎቴ ያን ጊዜ ሳቁ።

(ሙከራውን የምታደርጉ ካላችሁ በመዳፋችሁ አይሁን፤ ቱርቦ ሲስብ አይምርም። ስኖርክል ያለው መኪና ጀልባ ነው ብላችሁም ወንዝ አትግቡ። ዲፈረንሻሉም ኤሌክትሪኩም ከታች ናቸው።)

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ። የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም በ1997 እ.ኤ.አ. ከተጀመረ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። ቡታጅራ በአስፋልት ይደረሳል፤ ወልቂጤም እንደዚያው። የሚገርመው ታዲያ አስፋልቱ በጨመረ ቁጥር ከተማ ውስጥ የሚታየው ቱቦም ጨመረ። ጭቃ ነክቶ የማያውቅ መኪና ሁሉ አፍንጫውን ቀና አድርጎ ይዞራል። ቱቦው በትክክል የሚያስፈልገው ግን ከአስፋልቱ የምትወርደው መኪና ነበር፤ ጉመር ላይ ምጥ የያዛትን እናት ይዛ ወልቂጤ ሆስፒታል ለመድረስ የምትጣደፈው አምቡላንስ። እሷ መንገድ ላይ ከቆመች የሚቆመው ሞተር ብቻ አይደለም።

አያቶቻችን አየር ሲያጥራቸው አዋጥተው መንገድ ከፈቱ። እኛ አየር ሲያጥረን እያንዳንዳችን የየራሳችንን ቱቦ ሰቀልን። ቱቦውን አልነቅፍም፤ በትክክል ከተገጠመ ሞተር ያድናል። ግን የአንድ ሰው ቱቦ ድልድይ አይሆንም፤ ለጎረቤትም አይተርፍም። ጉራጌ ይህንን ከማንም ቀድሞ በ1954 ዓ.ም. አውቆት ነበር።

የዘንድሮ መስቀል ሲደርስ አገር ቤት ስትገቡ ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ መኪናችሁ በየት በኩል እንደሚተነፍስ። ሁለተኛ፣ ከአስፋልቱ እስከ እናታችሁ ደጅ ያለው መንገድ ዘንድሮ ማን እንደጠገነው። ሁለተኛው መልስ ካጣ፣ ከክትፎው በኋላ ቁጭ ብላችሁ የምትነጋገሩበት ነገር አገኛችሁ ማለት ነው።